ከኦቶና እስከ ዳሞታ፦ የወላይታ ሶዶ መሠረተ ልማት ታሪክና የብልህ ከተማ ጥያቄ

‹‹ከተማ›› የሚለው ቃል ዛሬ የሚያሳስበው መንገድን፣ ሕንፃን፣ መብራትንና ገበያን ነው። በቀድሞው አነጋገር ግን መክተም ማለት ሠራዊት ይዞ መስፈር፣ ድንኳን መትከል ማለት ነበር። የቃሉ ሥር ስለ ብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች አመሠራረት ይናገራል። ከተማው ሲተከል የተፈለገው ለመጠበቅና ለማየት የሚያመች ከፍታ ነበር፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ መንገዱ ስንት ሰው እንደሚያስተናግድ አስቀድሞ የለካ አልነበረም። መለካቱ የመጣው ዘግይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜም ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

በቅርብ ዓመታት በመሐንዲሶች፣ በከተማ ፕላን ባለሙያዎችና በመረጃ ቴክኖሎጂ አዋቂዎች ዘንድ ‹‹ስማርት ሲቲ›› ወይም ብልህ ከተማ ስለሚባለው ሐሳብ ሰፊ ጥናት ይካሄዳል። የሐሳቡ ፍሬ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ውሃው፣ መብራቱ፣ ትራፊኩና ቆሻሻው በመለኪያ መሣሪያ እየተከታተሉት፣ የተለካውም በኮምፒዩተር መረብ ወደ አንድ ቦታ እየተሰበሰበ፣ ከተማው ስለ ራሱ የሚያውቅ እንዲሆን ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ‹‹ብልህ ፕላኔት›› በሚል ስም ሐሳቡን በሰፊው ማስተዋወቅ ከጀመረ ወዲህ ነገሩ የብዙ መንግሥታትን ቀልብ ስቧል። ከባሕር በተወሰደ መሬት ላይ እንደ ተሠራችው እንደ ደቡብ ኮሪያዋ ሶንግዶ ያሉ ከተሞችም ከመጀመሪያው በዚህ መንፈስ ተነድፈዋል።

ይሁን እንጂ አብዛኛው የዓለም ሕዝብ የሚኖረው በባዶ መሬት ላይ እንደ አዲስ በተነደፈ ከተማ አይደለም። የሚኖረው ከአባቶቹ በወረሰው፣ ቀስ በቀስ ባደገ፣ አንዱ ዘመን የሠራውን ሌላው ዘመን በጠገነበት ወይም በዘነጋበት ከተማ ነው። እንዲህ ያለ ከተማ ብልህ የሚሆነው በምን መንገድ ነው? ለዚህ ጥያቄ የአንዲት መካከለኛ የኢትዮጵያ ከተማ ታሪክ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ይህችውም በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ወላይታ ሶዶ ናት። የሶዶ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ከተማ የሚያውቀው ነገር ዋጋ የሚያገኘው የለካው እጅ፣ የመዘገበው ወረቀትና ኃላፊነት የወሰደው ሰው ሳይቆራረጡ ሲያያዙ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል መሣሪያው የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን ከተማውን አያድነውም።

፩. ሰፈሩና ሸንተረሩ

ዳሞታ ወደ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ ኦሞ፣ በምሥራቅና በደቡብ በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ብላቴና ወደ አባያ ሐይቅ ይሄዳል። ሶዶ የተቀመጠችው በዚህ የውሃ መለያያ ሸንተረር ላይ ሲሆን፣ የመሬቷ ከፍታ ከ1,600 እስከ 2,100 ሜትር ይደርሳል። በአንዲት ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ የከፍታ ልዩነት መኖሩ ለዓይን የሚያስደስት ነው፤ ለመሐንዲስ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የፍሳሽ ጥያቄ ነው።

ወላይታ በራሱ ካዎዎች የሚተዳደር መንግሥት ነበረው። የመጨረሻው ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ ከባድ ውጊያ ካደረገ በኋላ ተሸንፎ ተማረከ። ከዚያ በኋላ የአስተዳደሩ ማዕከል የሆነችው ሶዶ እንደ ዘመኑ ልማድ የሹማምንትና የሠራዊት መቀመጫ ሆና አደገች። በኋላም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የወላይታ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች።

ከተማይቱ ከመመሥረቷ በፊትም ሆነ በኋላ በዙሪያዋ የነበረው አሰፋፈር የራሱ ጥበብ ነበረው። የወላይታ ገበሬ ቤቱን የሚሠራው በእንሰት ተክሉ መካከል ነው። የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፤ በቤት ጥራጊና በከብት እበት የዳበረው አፈር ውሃውን ይመጥጣል፤ ከጓሮው የሚወጣው ጎርፍም ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ግቢ ውሃውን በራሱ ያስቀር ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ‹‹ዘላቂ የከተማ ፍሳሽ አያያዝ›› ተብሎ በዩኒቨርሲቲዎች የሚጠናው አሠራር መሠረቱ ይኸው ነው። ይህ ጥበብ ግን በቁጥር የተጻፈ አልነበረም። ስለሆነም ከተማው ሲሰፋና እንሰቱ ሲነቀል ምን እንደ ጠፋ ማንም ሊያሰላው አልቻለም።

፪. የኦቶና ካርድ

በሶዶ ኦቶና የሚባለው ሰፈር በአገሪቱ የሕክምና ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከውጭ የመጡ ሚሲዮናውያን በዚያ ሰፍረው ሕክምና ጀመሩ። ሥራቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋርጦ ከነጻነት በኋላ ቀጠለ። ሆስፒታሉ ከጊዜ በኋላ የመንግሥት ሆኖ፣ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው።

ስለ መሠረተ ልማት በሚናገር ጽሑፍ ሆስፒታል መነሣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ልኬት፣ መዝገብና ኃላፊነት በአንድነት የሚገኙበት የመጀመሪያው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል ነው። በሽተኛው ሲመጣ ካርድ ይወጣለታል፤ ትኩሳቱ ይለካል፤ የተለካው በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱን ያነበበው ሐኪም መድኃኒት ያዝዛል፤ የታዘዘው መሰጠቱን ነርሷ ትፈርማለች። ትኩሳት ለክቶ ካርዱን ወደ መደርደሪያ የሚመልስ ሆስፒታል ማንንም አያድንም። ትኩሳት ሳይለካ መድኃኒት የሚሰጥም እንዲሁ ነው።

ስለ ብልህ ከተማ የሚደረጉ ጥናቶች ሁሉ ሲጨመቁ የሚያቀርቡት ጥያቄ ይኸው የካርዱ ጥያቄ ነው። መለኪያው አለ ወይ? ከተባለ በኋላ፣ የተለካውን ማን ያነበዋል? ካነበበስ ምን የማድረግ ሥልጣን አለው? ተብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የሶዶን የቀጣይ ዘመናት ታሪክ በእነዚህ ጥያቄዎች መመርመር ይቻላል።

፫. የዋዱ ዘመን

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በወላይታ ታላቅ የልማት ሥራ ተጀመረ። ዋዱ በሚል አጽሕሮተ ስም የታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ብድር ተቋቋመ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአርሲ በስዊድን ርዳታ ከተጀመረው ከካዱ ጋር በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ሰፋፊ የተቀናጁ የገጠር ልማት ድርጅቶች አንዱ ነበር። ማዕከሉ ሶዶ ሲሆን፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ማከፋፈል፣ የአፈር ጥበቃ እርከን ማሠራት፣ የገጠር መንገድ መክፈትና ከተጨናነቀው ደጋ ገበሬዎችን ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ ማስፈር ከሥራዎቹ መካከል ነበሩ።

ዋዱ ለሶዶ ከተማ የሰጣት ትልቁ ነገር የአሠራር ልማድ ነው። መሬት ይለካል፣ ምርት ይመዘናል፣ የዱቤ ተከፋይ በስም ይመዘገባል፣ የመንገድ ወጪ በኪሎ ሜትር ይሰላል። በከተማይቱ ብዙ ወጣቶች የመለካትና የመመዝገብ ሙያ የተማሩት በዚህ ዓይነቱ ድርጅት ሥር ነው። ሆኖም ዋዱ ፕሮጀክት ነበር፤ ፕሮጀክት ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድርጅቱ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ ሥራው በመደበኛው የግብርና አስተዳደር ውስጥ ገባ።

ከዚህ ዘመን የሚገኘው ትምህርት በሙያው ዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። በብድር የመጣ ሥራ ብድሩ ሲያልቅ መኪናው ይከፋፈላል፣ ባለሙያው ይዛወራል፣ መዝገቡ በሳጥን ይታሸጋል። የዝናብ ልኬት ለ10 ዓመት ተይዞ ለ10 ዓመት ቢቋረጥ፣ ድልድይ ለሚሠራ መሐንዲስ ተከታታይ 20 ዓመት የሚሰጠውን እምነት አይሰጠውም። የሕንፃ ፍራሽ ለዓይን ይታያል፤ የልኬት መቋረጥ ግን የሚታወቀው ጎርፍ በመጣ ጊዜ ብቻ ነው።

፬. የቤት ቁጥርና የቀበሌ መዝገብ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በዚሁ አዋጅ መሠረት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በተለምዶ ቀበሌ የሚባሉት፣ በመላ አገሪቱ ተቋቋሙ። ሶዶም እንደ ሌሎች ከተሞች በቀበሌ ተከፋፈለች። ቤቶች ቁጥር ተሰጣቸው፤ የቤተሰብ ብዛት ተመዘገበ፤ ስኳርና ዘይት በመዝገቡ መሠረት ታደለ። ግንቦት 1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራም በከተሞች በዚሁ የቀበሌ አደረጃጀት ተገልግሏል።

የቀበሌው መዝገብ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል ከተማው ነዋሪውን በስምና በቤት ቁጥር ያወቀበት መሣሪያ ነው። ያለ እርሱ የክትባት ዘመቻም ሆነ የዕርዳታ እደላ አስቸጋሪ በሆነ ነበር። በሌላ በኩል ግን ይኸው መዝገብ ማን እንደ ገባና እንደ ወጣ፣ በማን ቤት ማን እንዳደረ ለመቆጣጠር ውሏል። በቀይ ሽብር ዓመታት ወረቀቱ የሰው ሕይወት መጥፊያም ሆኗል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ብልህ ከተማ የሚባለው ነገር በመሠረቱ ከቀበሌው መዝገብ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚፈጥንና ዕረፍት የሌለው መዝገብ ነው። ካሜራው፣ የስልኩ ምልክት፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው የነዋሪውን ውሎና አዳር ያሳያሉ። ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284ን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። የሁለተኛው አዋጅ አስፈላጊነት ለሶዶ ሽማግሌዎች ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ስኳር የታደለበት መዝገብ ለሌላ ነገር ሲውል አይተዋልና።

፭. በከተማይቱ ላይ የሚያልፈው ኃይል

የሕዝቡ ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 36,287 የነበረው የሶዶ ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 76,050 ሆነ። በ12 ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚያው በ1999 ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1,501,112 የነበረ ሲሆን፣ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ይኖር ነበር። ለልጁ የሚያካፍለው መሬት ያጣ ገበሬ ልጁን ወደ ከተማ ይልካል። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. መቋቋሙ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከተማይቱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ መሆኗ ዕድገቱን ይበልጥ አፋጥኖታል።

በዚህ መካከል ሶዶ በአገሪቱ የኤሌክትሪክ ካርታ ላይ የተለየ ቦታ አገኘች። በ1998 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ይገኛል። ቁመቱ ከ240 ሜትር ይበልጣል፤ አሥሩ ተርባይኖቹ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ከግድቡ የሚወጣው ኃይል በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሶዶ ይመጣል።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ከሶዶ ተነሥቶ በኬንያ ሱስዋ እስከሚባለው ቦታ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው የቀጥተኛ ኮረንቲ መስመር ነው። መስመሩ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ 500 ኪሎ ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ለማስተላለፍ ተነድፏል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ። በሁለቱ አገሮች ስምምነት መሠረት ኬንያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 400 ሜጋ ዋት እንድትገዛ ተወስኗል።

የአሠራሩ ምክንያት ለባልደረቦች የታወቀ ቢሆንም በአጭሩ ማስታወሱ አይከፋም። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ኃይል በኮረንቲው መጠን ስኩዌር ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ቮልቴጁ በእጥፍ ከፍ ቢል፣ ለአንድ ዓይነት ኃይል የሚያስፈልገው ኮረንቲ በግማሽ ይቀንሳል፤ ብክነቱም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በጣም ረጅም በሆነ መስመር ላይ ደግሞ ቀጥተኛው ኮረንቲ ከተለዋዋጩ ያነሰ ብክነት አለው። ከዚህም ሌላ የሁለቱን አገሮች መረብ በድግግሞሽ ሳያጣብቅ ያገናኛል፤ በአንዱ አገር የሚነሣ መናወጥ ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርም። በሶዶ የሚገኘው የመለወጫ ጣቢያ ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ የሱስዋው መልሶ ተለዋዋጭ ያደርገዋል። መቆጣጠሪያው የመስመሩን ሁኔታ ያለማቋረጥ ይለካል፤ ብልሽት ሲያይ ዓይን ከመርገቡ በፊት እርምጃ ይወስዳል።

እንግዲህ ብልህነት ማለት መለካት፣ ማወቅና ወዲያው መወሰን ከሆነ፣ በሶዶ ከዚህ ጣቢያ የበለጠ ብልህ መሣሪያ አይገኝም። ነገር ግን የጣቢያው ዓይን የተተከለው ወደ ሩቁ ነው። ከቀጥተኛው መስመር ላይ ለአንድ ቀበሌ ወይም ለአንድ ወፍጮ ቤት ቀንጥቦ መውሰድ አይቻልም፤ የተሠራው ለዚያ አይደለምና። የአንድ ሰፈር መብራት የሚጠፋውና የሚበራው በሌላ ሥራ፣ በማከፋፈያው መረብ፣ በትራንስፎርመሩ፣ በእንጨት ምሰሶውና በጥገና ቡድኑ ነው። የአገሬው ሰው ‹‹የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች›› እንደሚለው፣ ከፍተኛ ኃይል በደጁ የሚያልፍበት ከተማ ለራሱ ማከፋፈያ ካልተጨነቀ ተረቱ ይደርስበታል። ይህ ማለት ታላቁ መስመር አላስፈለገም ማለት አይደለም። ለአገር የሚያስገባው የውጭ ምንዛሪና በጎረቤት አገሮች መካከል የሚፈጥረው ትስስር ግልጽ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ታላቁ ሥራ ትንሹን ሥራ አይተካም። ለኦቶናው የቀዶ ሕክምና ክፍል በሱስዋ የሚታየው ቮልቴጅ ሳይሆን በራሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ነው የሚያስፈልገው።

፮. የዳሞታ ውሃ

በከተማው ውስጥ የተሠራው ሌላው ትልቅ ለውጥ መንገዱ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄዱት የከተማ ልማት ፕሮግራሞች በ19 ከተሞች ተጀምረው ወደ 44፣ ቀጥሎም ወደ 117 ከተሞች ሰፍተዋል። በዚሁ ዘመን በጀርመን የቴክኒክ ትብብር አማካይነት የተስፋፋው የድንጋይ ንጣፍ፣ ኮብልስቶን፣ በየከተማው ብዙ ወጣቶችን ሥራ አስያዘ። ኮብልስቶን ከአስፋልት ጋር ሲነጻጸር ብዙ መልካም ጎኖች አሉት። ድንጋዩ የአገር ነው፤ የሚጠረበው በሰው እጅ ነው፤ ቢበላሽ የተበላሸው ብቻ ተነሥቶ ይተካል፤ በአሸዋ በተሞላው መገጣጠሚያውም ጥቂት ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል። ዘላቂ መሠረተ ልማት የሚባለው ነገር በሶዶ ሰፈሮች በግልጽ የታየው በዚህ ድንጋይ ነው።

ሆኖም መንገድ የውሃ መሄጃም ነው። ከዳሞታ የሚወርደው ዝናብ በእንሰት ጓሮዎች ፋንታ የቆርቆሮ ጣራና የተነጠፈ መንገድ ሲያገኝ መጠኑም ፍጥነቱም ይለወጣል። በሙያው የተለመደው ስሌት ይህን በቀላሉ ያሳያል። ለምሳሌ ያህል 100 ሄክታር የሚሆን ተዳፋት ይወሰድ፤ በላዩም በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚዘንብ ዝናብ ይውረድ። ቦታው ጓሮና ሣር ሆኖ ከዝናቡ 30 በመቶው ብቻ የሚፈስ ቢሆን፣ በግርጌው በሰከንድ 5 ሜትር ኩብ ውሃ ይመጣል። ቤት ተሠርቶበት 60 በመቶው የሚፈስ ቢሆን ደግሞ በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። ዝናቡ ያው ነው፤ ተራራውም ያው ነው። ለ5 የተሠራው ቦይ ግን 10 ሊሸከም አይችልም። የተረፈው ውሃ አፈሩን ቦርቡሮ ሸለቆ ያወጣል፤ የወጣው ሸለቆም በየክረምቱ ወደ ላይ ወደ ቤቶቹ ያድጋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው።

የተራራው መልስ የሚገኘው በተራራው ላይ እንደ ሆነ በወላይታ ራሱ ታይቷል። ከሶዶ በስተደቡብ በሁምቦ ወረዳ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተዳፋት ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከልሎ እንዲያገግም ተደረገ። ዘዴው ቀላል ነበር። ከመሬት ውስጥ ያልሞተውን የዛፍ ጉቶ መጠበቅ፣ ቅርንጫፉን መግረዝ፣ ከብትና መጥረቢያ እንዳይገባ መከልከል ነው። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን የካርቦን ቅነሳ ለመግዛት ተዋዋለ። በዳሞታም ላይ 500 ሄክታር ያህል በሚሆን መሬት ተመሳሳይ ሥራ ተከናውኗል።

የሁምቦ ታሪክ ለብልህ ከተማ ጥናት የሚጠቅመው ከዛፉ ይልቅ በልኬቱ ነው። ካርቦን የሚሸጠው ሲለካ ብቻ ነው። ስለሆነም የማኅበራቱ መሬት በካርታ ተከልሎ፣ የዛፉ ዕድገት በናሙና ቦታዎች እየተለካ፣ ውጤቱ በውጭ መርማሪዎች ይረጋገጥ ነበር። ልኬቱ ገንዘብ አመጣ፤ ገንዘቡም ወደ ማኅበሩ ተመለሰ፤ ማኅበሩ ደኑን ይጠብቃል። ለኪው፣ መዝገቡና ኃላፊው በአንድ ክር ተያያዙ። በአካባቢው ከታዩት ሥራዎች ሁሉ የኦቶናን ካርድ ይበልጥ የሚመስለው ይህ ነው።

፯. የጎፋ ኀዘንና የሪዮ ምሳሌ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ ተዋጡ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ። በዚያው ክረምት በወላይታ ዞን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም መሬት ተንዶ የሰው ሕይወት አልፏል።

ይህ ኀዘን የቴክኖሎጂን ጥያቄ ከሰልፍና ከማስታወቂያ አውጥቶ በትክክለኛው ቦታ ያስቀምጠዋል። ጎረቤት ለጎረቤቱ መድረሱ የአገሩ ባሕል ነው፤ ደግሞም ሊጠፋ የማይገባው ባሕል ነው። የጎደለው፣ መሬቱ ገና እንደሚንቀሳቀስ ለእነዚያ ሰዎች የሚነግር ነበር።

ከባሕር ማዶ የሚነሣ አንድ ምሳሌ አለ። በብራዚል የምትገኘው ሪዮ ዴ ጃኔሮ በተራሮች ተዳፋት ላይ የተጨናነቁ የድሆች ሰፈሮች ያሏት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 በወረደው ዝናብና ናዳ በሪዮ ግዛት ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተማው በዚያው ዓመት መጨረሻ በአይ.ቢ.ኤም. ርዳታ የኦፕሬሽን ማዕከል ከፈተ፤ በትልቅ ግድግዳ ላይ ካርታና ካሜራ የሚታይበት ይህ አዳራሽ በዓለም መጽሔቶች ሁሉ ተደነቀለት። ይሁን እንጂ የሰው ሕይወት የሚያድነው አዳራሹ ብቻውን አይደለም። ከአዳራሹ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ ከተማው የዝናብ መለኪያዎችን ተክሎ መዝግቧል። ከአደጋው በኋላ ደግሞ በአደገኛ ተዳፋት ላይ ባሉ ሰፈሮች ሳይረን ተተከለ፤ መጠለያ ተለየ፤ የሰፈሩ ሰዎች ሠለጠኑ። ዝናቡ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሳይረኑ ይጮኻል፤ ነዋሪውም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። መለኪያው፣ መዝገቡና ኃላፊው ሲያያዙ እንዲህ ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ለሶዶ ወይም ለጎፋ የማይደረስበት ውድ ነገር ጥቂት ነው። የዝናብ መለኪያ ተራ ዕቃ ነው። የሞባይል ስልክ በገበሬው ኪስ አለ። የቀበሌው አደረጃጀትም አለ። መሰብሰቢያው ዱቡሻ፣ ሽማግሌው፣ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱ አሉ። አስቸጋሪው ነገር መለኪያውን በየማለዳው የሚያነበው ሰው ደመወዝ ከየትኛው በጀት እንደሚከፈል፣ ከስንት ሚሊ ሜትር በኋላ ሕዝቡ ይውጣ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የማን እንደ ሆነ፣ ከወጣም በኋላ የት እንደሚያድር አስቀድሞ መወሰን ነው። እነዚህ የምህንድስና ጥያቄዎች አይመስሉም። በእርግጥ ግን የምህንድስናው ግማሽ እነርሱ ናቸው።

መደምደሚያ

የሶዶ የመቶ ሠላሳ ዓመት ጉዞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠቃለል፣ ከተማይቱ ብዙ ጊዜ ተለክታለች፤ ልኬቱ ግን አብሯት የኖረው ጥቂት ጊዜ ነው። ዋዱ ለክቶ ሄደ፤ ቀበሌው መዘግቦ መዝገቡ ለበጎም ለክፉም ዋለ፤ ታላቁ የኃይል ጣቢያ በየቅጽበቱ ይለካል፣ የሚያስበው ግን ለሩቁ ነው። ሁምቦ ግን ልኬት በሕዝቡ እጅ ሲገባና ጥቅሙ ለሕዝቡ ሲመለስ እንደሚጸና አሳይቷል።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የጸደቀው ‹‹ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025›› የተባለው ስትራቴጂ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ በየከተማው ስለ ካሜራ፣ ስለ መቆጣጠሪያ አዳራሽና ስለ ዲጂታል አገልግሎት ብዙ ይታቀዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ደግሞ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት በካርታ ላይ እንዲሰፍር መሠረት ጥሏል። እነዚህ ሁሉ ለባለሙያው የተከፈቱ በሮች ናቸው። የሙያ ማኅበሩ አባላት በየተመደቡበት ማዘጋጃ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲና መሥሪያ ቤት ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ቀላል ነገር ቢኖር፣ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት የቦዮችን ርዝመትና ስፋት፣ የዝናቡን መጠን፣ የተዳፋቱን መሰነጣጠቅ የሚይዝ፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ የማይዘጋ መዝገብ እንዲኖር ማድረግ ነው። መዝገቡን የማንበብና የማዘዝ ኃላፊነትም በስም ለተለየ ሰው መሰጠት አለበት።

በኦቶና ሆስፒታል የታካሚው ካርድ በአልጋው ራስጌ ተንጠልጥሎ የሚቆየው ሐኪሙ ሲለወጥ ሕመምተኛው እንደ አዲስ እንዳይጀመር ነው። ለዳሞታም ግርጌ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ካርድ ነው። የሚመጣው ክረምት የፕሮጀክቱን የመዝጊያ ቀን አይጠብቅም።